ተልባ የተቀባ ጀልባ

ጀልባው ግቢያችን ከመድረሱ በፊት ሽታው ደረሰ። አይሱዙው ገና ከአስፋልቱ ወደ ሰፈራችን መንገድ ሲታጠፍ እናቴ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ጠቅልላ «ምን የሞተ ነገር ነው የሚያመጡብን?» አለች። ያመጡት ወንድሜንና ጀልባውን ነበር። ወንድሜ ከጭነቱ ጫፍ ቆሞ እንደ ሚዜ እጁን ያወዛውዛል፤ ከእግሩ ሥር ባለ ሸራ ጀልባ በገመድ ተጠፍሮ በአፉ ተደፍቷል። ሆዱ አረንጓዴ ነው፤ ቦታ ቦታው ጠቁሯል፤ የደረቀ ሥራሥር እንደ ፂም ተንጠልጥሎበታል።

የምንኖረው እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ነው። ጣና ከእኛ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። በሰፈራችን ከጥምቀተ ባሕሩ የሰፋ ውሃ ያየ ሰው በጣት ይቆጠራል። ዋና የሚችልማ የለም።

ወንድሜ በስምንት ዓመት ይበልጠኛል። አሥር ዓመት ጣና ዳር ኖሯል፤ መጀመሪያ ሸክም እየተሸከመ፣ በኋላ ሰው በጀልባ እያሻገረ። ይህ ጀልባ የአንድ ፈረንጅ ነበር። ፈረንጁ ወደ አገሩ ሲመለስ «ላንተ ይሁን» ብሎ ፈርሞለት ሄደ። ወንድሜ ሁለት ክረምት ከውሃ ሳያወጣው፣ እንቦጭ መሃል እያሰረ፣ ሰው ሲያመላልስበት ቆየ። ማፍሰሱ ሲበዛበት አወጣው። እዚያው ዳር ላይ እንዳያድሰው፣ ማታ ያስቀመጡት ሳንቃ ጠዋት ማገዶ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ድንች አራግፎ ባዶውን የሚመለስ አይሱዙ ለመነና ደጋ አወጣው።

«ቤት ቦታ አለ፣ እንጨት አለ፣ እጅ አለ» አለኝ። እጅ ያለው እኔን ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም ነበር፤ ቀኑን የምገፋው በአሮጌ ደብተር ጀርባ ግጥም እየጻፍሁ ነው። በእሱ ዓይን ይህ ሥራ መፍታት ነው።

ሁዳዴ ከተያዘ ሁለተኛ ሳምንቱ ነበር። በአንዲት ደሴት ላይ ያለች ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ለፋሲካ እንዲያሻግራቸው ከወንድሜ ጋር ተነጋግረዋል። አይሱዙው ጀልባውን ሊወስድ የሚመለሰው ከሆሳዕና በፊት ባለው ሐሙስ ነው። በዚያ ቀን ካልተነሣ ሥራው ለሌላ ይሰጣል፤ ወንድሜም መተማ ለቀን ሥራ ይወርዳል። ካልታደሰና ከተነሣ ደግሞ ምን እንደሚሆን ማንም ጮክ ብሎ አልተናገረም።

በመጀመሪያው ቀን ጀልባውን አቃንተን በአራት የባሕር ዛፍ ግንዲላ ላይ አስቀመጥነውና የወለሉን ጣውላ አነሣን። ከሥሩ ያለውን ነገር በምን ስም እንደምጠራው ዛሬም አላውቅም። ጥቁር ነው፤ ወፍራም ነው፤ ሲነኩት ይንቀሳቀሳል። የዓሣ ቅርፊት፣ የሲጋራ ቁራጭ፣ የእንቦጭ ሥር፣ የአንድ ሕፃን ጫማ አብሮ ቦክቷል። በአንደኛው ማዕዘን አይጥ ከመስጠም የሚያድነውን አንዱን የዋና ጃኬት ዘልዝላ፣ ከውስጡ ባወጣችው ስፖንጅ ጎጆ ሠርታ፣ ስድስት ሮዝ ልጆች ወልዳበታለች። ሁለቱ ሞተዋል። ሌሎቹ በሞቱት ላይ ይንፏቀቃሉ።

«እህ፣ ገጣሚ!» አለኝ ወንድሜ ባልዲውን እያቀበለኝ፤ «ስለ ጣና ስትጽፍ ይህንን ዘለልኸው አይደል?»

«ወንድም ጋሼ፣ ሰው እዚህ ላይ ተቀምጦ ነበር የሚሄደው?»

«ከላዩ እንጂ ከሥሩ አልተቀመጠ።»

ስንጾም የምንበላው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ በባዶ ሆድ ጥቁሩን በጣሳ እየዛቅሁ ጓሮ እደፋ ነበር። ቤት ስገባ እጄን በአመድ፣ በሎሚ፣ በኦሞ ታጠብሁ። እንጀራውን ወደ አፌ ሳቀርብ ግን ጣቶቼ ያው ይሸታሉ። በማንኪያ በላሁ። እናቴ አይታኝ «ደግሞ ፈረንጅ ሆንህልኝ?» አለች።

ቀጥሎ ገለበጥነውና ሆዱን መፈቅፈቅ ጀመርን። በውሃ ውስጥ ሳለ ልጋግ የነበረው ነገር ደርቆ ቅርፊት ሆኗል። በብረት ብሩሽ ሲፋቅ አቧራ ይሆናል፤ አቧራው ጉሮሮ ይገባል፤ ጉሮሮ ሲገባ ዓሣ ዓሣ ይላል። እናቴ ከበር ላይ ሆና «ዓሣ ቀመሳችሁ፤ ሁዳዴያችሁ ፈረሰ! ለንስሐ አባታችን ራሳችሁ ንገሩ!» ትላለች። ቀልድ ይምሰል እንጂ በእርግጥም ሳይከነክናት አልቀረም።

የሰፈሩ ሰው ከአጥሩ አይጠፋም። አፍንጫውን በጋቢው ይዞ ይመጣል፣ ያያል፣ ይተርባል።

«ኖኅ! ዝናቡ መቼ ነው?»

«ላንተ ቦታ የለም፤ የአህያ ተራ ሞልቷል!» ይላል ወንድሜ።

«አንተ ገብተህ ነዋ የሞላው!»

ሸራውን እኔ ወንዝ ወስጄ በእግሬ ረገጥሁት። ሻጋታው አልለቀቀም፤ ጥቁር ነጠብጣቡ እንደ ቆማጣ ቆዳ ቀረ። የተቀደደውን በጆንያ መርፌ ሰፋሁት። ይህን ሁሉ የማደርገው በወንድማዊ ፍቅር አልነበረም። ቶሎ አልቆ ከግቢያችን እንዲወጣልኝ ነበር። ከጀልባው ጋር መኖር አቅቶኝ ነበር። ሌሊት ልብሴን ከመኝታ ቤት አውጥቼ ብሰቅልም፣ ጠዋት ስለብሰው ያንኑ ሽታ ይዞ ይጠብቀኛል። ግጥም ልጽፍ ስቀመጥ ወረቀቱ ይሸታል።

ሐሙሱ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ቆርቆሮውን አገኘሁት። ከሆዱ ታች በስተግራ፣ ከአረንጓዴው ቅርፊት ሥር፣ የዘይት ጣሳ ተቀድዶ ተዘርግቶ በምስማር ተመትቷል፤ ዙሪያውን በመንገድ ሬንጅ ተለስኗል። በጉጠት ነቀልሁት። ከሥሩ ያለው ሳንቃ ጠቁሯል፤ ረጥቧል። ካቻቢቴ ባስነካው የጣት ያህል ገባ፤ የተቀቀለ ድንች ላይ እንደሚገባ ነው የገባው። ሳወጣው ነጫጭ ትሎች ተከትለው ወጡ፤ ፀሐዩን ሲያዩ ተጠቀለሉ።

ወንድሜን ጠራሁት። በአውራ ጣቱ ጫን አለው። ሳንቃው ውሃ ተፋ።

«ይህ ሳንቃ ይቀየራል» አልሁት።

ሄዶ ከታችኛው ሰፈር ያሉትን ሽማግሌ አናጢ ይዞ መጣ። አናጢው ዞር ዞር ብለው አዩ፤ በከዘራቸው ነካ ነካ አደረጉት።

«እንዴት ነው አባባ፣ ይሠሩልናል?»

«ልጄ፣ እኔ የምሠራው አልጋና የሬሳ ሣጥን ነው። አልጋ ውሃ ላይ አይተኛም። ሣጥንም አፈሰሰ ብሎ የከሰሰኝ የለም።»

«እሱማ እውነት ነው።»

«የደረቀ የዋንዛ ሳንቃ አለኝ። ግን የናንተ እንጨት ጎባጣ ነው፤ በእንፋሎት እያለሰለሱ ማጉበጥ ይፈልጋል። ሦስት ሳምንት ስጡኝና ልሞክር።»

«ያለን ሁለት ነው።»

«እንግዲያው ለጀልባው ሳንቃ ሳይሆን ለእናንተ ሣጥን ነው የምሠራው» አሉና ከዘራቸውን ይዘው ሄዱ።

ወንድሜ ስቆ ቀረ። በማግስቱ ቆርቆሮውን መልሶ መታው፤ ከመንገድ ሠራተኞች በለመነው አዲስ ሬንጅ ዙሪያውን ለሰነው። «እስካሁን ይዞ የለ?» አለኝ። እኔም ምስማሩን አቀበልሁት።

የቀረው በሳንቃዎቹ መካከል ያለውን ስንጥቅ መድፈን ነበር። ወንድሜ ሰምና ሞራ አብሮ አቅልጦ ሊጠቀጥቅበት አስቧል። እናቴ ሞራ የሚለውን ቃል ስትሰማ ከቤት ወጣች።

«በሁዳዴ? በየትኛው ድስት?»

«በአሮጌው።»

«አሮጌው የሽሮ ነው!»

«ደጅ ነው የማቀልጠው፣ እማዬ።»

«ጢሱስ? ጢሱም ደጅ ይቀራል? ጎረቤት ሞራ ሲሸተው ማን ጾም ፈታ ይበል? ጀልባህ ክርስቲያን ከሆነ እንደኛ ይጹም!»

የወንድሜ ፊት በራ። ፈረንጁ በየዓመቱ ጀልባውን ከውሃ አውጥቶ ከጣሳ የሚቀዳ ዘይት ይቀባው ነበር። ከምን እንደተሠራ ሲጠይቀው ከተልባ ነው ብሎታል። «ተልባ!» አለ ወንድሜ ጭኑን እየመታ፤ «የጾም ነው፤ የአገራችን ነው፤ ከጋይንት እስከ ስማዳ ሞልቶናል። ፈረንጅ በጣሳ እያሸገ የሚሸጠውን እኛ በጆንያ አስቀምጠን!»

ለጾሙ የተቀመጠው ተልባ ወጣ። እናቴ ቆላችው፤ በሙቀጫ ወቀጠችው፤ እኔ በሞቀ ውሃ በጠበጥሁት። ዘይትና ብጥብጥ አንድ እንዳልሆነ ከሦስታችን አንዳችንም አላነሣንም። እናቴ እንዳትሞግት ጀልባው መጾሙ አስደስቷታል። ወንድሜ ቸኩሏል። እኔ ደግሞ ቀን እየቆጠርሁ ነበር።

በእጃችን ነው የለቀለቅነው፤ ከውጭ ሦስት ጊዜ፣ ከውስጥ ሁለት ጊዜ። በጣቶቼ መካከል እየተሳበ ይዝለገለጋል፤ እስከ ክርኔ ይወርዳል። ሲደርቅ ግን አበራ። ሰው ከገበያ ሲመለስ ቆሞ «መስተዋት አስመሰሉት እኮ!» አለ። በሦስተኛው ቀን መሻገት ጀመረ። ዝንብ ወረሰው፤ ጉንዳን መንገድ አወጣበት፤ ዶሮዎች ወጥተው ይጭሩበታል፤ ኩሳቸውም ከማጣበቂያው ጋር ተዋሐደ። ወንድሜ ዶሮዎቹን አባርሮ ከላዩ ሌላ ተልባ ቀባበት።

ቆርቆሮው አጠገብ ጎን ለጎን ተንበርክከን ስንቀባ ጠየቅሁት።

«ወንድም ጋሼ፣ ከጀልባ ብትወድቅ እንዴት ነው የምትወጣው?»

«አልወድቅም።»

«ብትወድቅስ?»

«አሥር ዓመት አልወደቅሁም አልሁህ።»

«ዋና አትችልም?»

እናቴ ትሰማ እንደሆነ ወደ በሩ ተመለከተ። በየደብዳቤው፣ በየስልኩ «እንደ ዓሣ ነው የምዋኘው» ሲላት የኖረ ሰው ነው። ድምፁን ቀነስ አድርጎ «ውሃ ከጉልበቴ ካለፈ ያዞረኛል» አለኝ። ሳቀም። «ይህን በግጥምህ እንዳታስገባው።»

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። የካቻቢቴው ጫፍ የገባበትን ጥልቀት፣ ትሎቹን፣ የተተፋውን ውሃ ከእሱ እኩል አውቃለሁ። ዝም አልሁ። ስድስት ቀን ነው የቀረው ብዬ ዝም አልሁ። ሽታው ከአፍንጫዬ እንዲወጣ ፈልጌ ወንድሜን ከሽታው ጋር እየሸኘሁ ነበር። ከጀልባው ሥር ካየሁት ሁሉ ይህ ይብሳል።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ፍተሻ ሆነ። ሐሳቡ የእናቴ ነው። «ጋን ሲገዛ ውሃ ሞልተው ያላብ አያላብ ያዩታል። ጀልባም ሸክላ ነው» አለች። ከቦኖ በጀሪካን ስንቀዳ ተራ የሚጠብቁት ሴቶች አጉረመረሙብን።

«ሰው የሚጠጣው አጥቶ እናንተ እንጨት ታጠጣላችሁ?»

«የመርከቡን ጥማት አይተው ነው፣ ተዪያቸው!»

በግንዲላው ላይ የተቃናው ጀልባ እስከ ግማሹ ሞላ። ሁላችንም ጎንበስ ብለን ከሥሩ ተመለከትን። አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ወንድሜ ጎኑን በጥፊ መታው፤ እናቴ እልል አለች፤ ከአጥሩ ያለው ሰውም አጨበጨበ። እኔ እጄን ወደ ቆርቆሮው ጠርዝ ሰደድሁ። ጣቴ በእብጠት ላይ አረፈ። ተልባው ውሃ ጠጥቶ አብጦ ስንጥቁን ሁሉ እንደ ንፍጥ ሞልቶታል። ተልባ በብርጭቆ አሳድሮ የሚያውቅ ሰው ቀጥሎ ምን እንደሚሆን ያውቃል። ይቀጥናል፤ ይፈታል።

«ውሃው እስከ ነገ ይቆይ» አልሁ።

«ለምን? ነገ ጠዋት እኮ ነው የሚጫነው።»

«ይቆይና እንየው።»

«ጎረቤት በውሃው እያማን ነው፤ ድፋው!» አለ ወንድሜ። ደፋነው። ጎመኑ ላይ የፈሰሰው ውሃ አልሰረገም፤ ሲዝለገለግ አመሸ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ አይሱዙው መጣ። ሾፌሩና አራት ጎረቤቶች ለማንሣት ተሰበሰቡ። ወንድሜ አዲስ ሸሚዝ ለብሷል። ከዕቃው ውስጥ አይጥ ያልደረሰበትን ብቸኛውን የዋና ጃኬት አወጣና አቀበለኝ።

«ይህ ያንተ ነው» አለኝ፤ «ለፋሲካ ስትመጣ ለብሰህ ከፊት ትቀመጣለህ። የደከምኸው ደክመሃል።»

«አንተስ?»

«እኔማ ለምጄዋለሁ።»

ጃኬቱን መሬት ላይ ጣልሁት። ወንዶቹ ጀልባውን በጎኑ አዘንብለው በትከሻቸው ይዘውት ነበር፤ ሆዱ ወደ እኔ ዞሯል። ካቻቢቴውን ከመሣሪያ ሣጥኑ አነሣሁና በቆርቆሮው ጠርዝ ወጋሁት። እስከ እጀታው ገባ። አጥብቄ ወደ ጎን ፈነቀልሁት። ቆርቆሮው ከነምስማሩ ተገነጠለ፤ ከኋላው የመዳፍ ያህል ሳንቃ ተላቅቆ ሾፌሩ ጫማ ላይ ወደቀ። የወደቀው እንጨት አይመስልም። ጥቁር ጭቃ ነው፤ ተልባ ነው፤ ትል ነው።

ወንዶቹ ጀልባውን ለቀቁት። ሾፌሩ ጫማውን እያራገፈ ወንድሜን አየው።

«በዚህ ነው ሰው የምትጭነው?»

ወንድሜ በጥፊ መታኝ። ከልጅነቴ ወዲህ መትቶኝ አያውቅም ነበር። «ቀናህብኝ!» አለ፤ «ሥራ የለህም፣ ሥራ ያለው ሰው አላስችል አለህ!»

«ዋና አይችልም!» አልሁ ወደ እናቴ ዞሬ። «እማዬ፣ እስከ ጉልበቱ እንኳ አይችልም።»

እናቴ ወደ ጀልባው ሄዳ ጎንበስ አለች። እጇን በቀዳዳው አስገብታ ዙሪያውን ዳሰሰች፤ የዳሰሰችው ሁሉ እየተፈረፈረ በእጇ መጣ። ወንድሜን አላየችውም። ለሾፌሩ «አንተ ሂድ፣ ልጄ፤ እግዜር ይስጥህ» አለችው። ሾፌሩ ሄደ።

ሥራው ለሌላ ጀልባ ተሰጠ። ወንድሜ ሆሳዕናንም፣ ሰሙነ ሕማማትንም፣ ፋሲካንም አላናገረኝም። ጾም ስንፈታ እናቴ ስጋውን በመካከላችን ስታስቀምጥ ድርሻውን ይዞ ወደ በሩ ዞሮ በላ። እኔም አልጸጸተኝም፤ ግን ቅር ብሎኝ ነበር፤ ምክንያቱም ጀልባው አሁንም ግቢያችን ውስጥ ተገልብጦ ይሸት ነበር።

ከዳግማዊ ትንሣኤ በኋላ አንድ ጠዋት ወንድሜ የአናጢውን የዋንዛ ሳንቃ ተሸክሞ መጣና ከፊቴ አወረደው።

«ያዝ» አለኝ።

የበሰበሰውን ለመቁረጥ ከቀዳዳው ጀምረን ጤነኛውን እንጨት መፈለግ ነበረብን። የቆርቆሮው ልክ ላይ አልተገኘም። አንድ ክንድ ተጓዝን፤ አሁንም እርጥብ ነው። ሁለት ክንድ ላይ ስንደርስ ከሥር ርዝመቱን የያዘው ወፍራም እንጨት ሳይቀር ውስጡ ቡላ ሆኖ ተገኘ። ወንድሜ እጁን እስከ ክንዱ አስገባና ሙሉ ጭብጥ አወጣ። በጣቶቹ መካከል ይንጠባጠባል። ለረጅም ጊዜ አየው።

«ባለፈው ዓመት ለአስተርዮ» አለ፤ ለእኔ ይሁን ለራሱ አላወቅሁም፤ «ቄሱን ከነታቦታቸው አሻግሬያለሁ። ሁለት ነፍሰ ጡሮች ነበሩ። መንታ የታቀፈች እናትም ነበረች። አሥራ ምናምን ሰው ነው። መሃል ላይ ነፋሱ ሲመታን ዘምሩ አልኋቸው፤ ዘመሩ።»

እጁን አላራገፈም። ከዚያ ተነሥቶ ወደ አጥሩ ሄዶ ጎንበስ አለና አስመለሰው። ቆሜ ጠበቅሁት። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል፤ አፉን በክንዱ ጠረገ።

«መጋዙን አምጣ» አለኝ፤ «የበሰበሰውን እስከ መጨረሻው ነው የምንቆርጠው።»